የሦስት ሳምንት የፈረቃ ዝርዝር

በሰሜኗ ከተማችን ያለው የወረቀት ፋብሪካ በኅዳር ተዘጋ። በታኅሣሥ ሁለት ሱቆች ተከተሉት። በጥር ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ደረሰ። ከእኛ ሕንጻ ሦስት ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወደ ደቡብ ሄደ። የቀሩት ወንዶች ቤት ዋሉ። ሴቶቹ ሥራ አገኙ፤ አረጋውያንን ማጠብ፣ ሱቅ ውስጥ ዕቃ መደርደር። አብዛኛው የማታ ነው።

እኔ ወረቀት ፋብሪካው ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ የሕፃናት መዋያዎችን የሚመራው የማዘጋጃ ቤቱ ቦርድ አባል ነኝ።

በየካቲት ዮና በሬን አንኳኳች። የጎረቤቴ የሂልካ የልጅ ልጅ ናት። የአራት ዓመት ልጇን ኔላን ብቻዋን ታሳድጋለች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆመች።

«አባባ ታይስቶ፣ የማታውን የሕፃናት መዋያ ከለከሉኝ።»

«ለምን?»

«የሦስት ሳምንት የፈረቃ ዝርዝር ከአሠሪሽ አምጪ አሉኝ። ከየት ላምጣ? ሥራው ጠዋት በስልክ ነው የሚመጣው። ዛሬ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ነገ ምንም። ልጅ የምተውበት አጥቼ ሁለቴ እምቢ ብያለሁ። አንዴ ከደገምኩ ከነጭራሹ አይጠሩኝም።»

«ደንቡ ነው» አልኳት።

«የትኛው ጅል ነው ያወጣው?»

ወንበር ሳብኩላት። ጅሉ እኔ ነበርኩ።

ልጄ ገና ሕፃን ሳለ ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ እኔ የማታ ፈረቃ ነበርኩ። መዋያው በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋ ነበር። ሂልካ ልጄን ሁለት ዓመት ያዘችልኝ። ምን ልክፈልሽ ብላት ተቆጣች። ከዚያ በኋላ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ታግለን የማታ መዋያ አስከፈትን። ሥራ የሌለው እንዳይሻማበት ብዬ የዝርዝሩን አንቀጽ በእጄ ጻፍኩ። የፋብሪካው የዓመቱ ፈረቃ በሙሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ዝርዝር የሌለው ሥራ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ረቡዕ ቦርዱ ሲሰበሰብ እጄን አነሣሁ።

«አንቀጹ ይለወጥ። ወላጅ ከአሠሪው የመጣለትን የዚያኑ ዕለት መልእክት ካሳየ ይብቃ።»

ሰብሳቢያችን ራይሊ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «ታይስቶ፣ ይኼ ያንተው አይደል? ማንም እንዳይነካው ስንት ዓመት ጠረጴዛ ስትደበድብ ኖረሃል።»

«የኔው ነው። ተሳስቻለሁ።»

«ጉድ! በሰባ አራት ዓመቱ!» አለ አንዱ ከጥግ።

«ዘገየሁ» አልኩ።

ሌሎቹ አባላት ልጅ ይምጣ ይቅር ሳናውቅ የመዋያ ሠራተኛ እንዴት እንመድባለን አሉ። እውነት አላቸው። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። በአምስት ድምፅ ለአራት አለፈ፤ የሚጀምረው ግን በነሐሴ ነው ተባለ።

ለዮና ደረጃው ላይ ነገርኳት። ሳቀች፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነበር።

«እስከ ነሐሴማ ሥራውን አጣዋለሁ።»

«እስከዚያ ልጅቷን እኔ እይዛለሁ።»

«አንተ? ጉልበትህስ?»

«ስልክሽን አትዝጊ» አልኳት።

ሂልካ ከወደቀች ወዲህ የምትሄደው በመራመጃ ነው፤ ሕፃን መያዝ አትችልም። ስለዚህ ዮና ሥራ በተጠራች ቁጥር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዋያው በር ላይ የምቆመው እኔ ሆንኩ። የአተር ሾርባ አሞቃለሁ። ኔላ ብዙ ትጠይቃለች፤ እኔ ጥቂት እመልሳለሁ። አንዳንድ ቀን ጫማዋን ላስርላት ጎንበስ ብዬ ቀና ማለት ያቅተኛል። ትጠብቀኛለች። ዮና ከዚያ ወዲህ ሥራ ስትጠራ እምቢ አላለችም።

በነሐሴ የመጀመሪያው ሰኞ ኔላ ማታውን መዋያው ቆየች። ቤቴ ጸጥ አለ። ሂልካ በመራመጃዋ ኮሪደሩን አቋርጣ መጣች። አልገባም አለች፤ በሩ ላይ ቆመች።

«እኔ ሁለት ዓመት ነበር የያዝኩልህ።»

«አውቃለሁ። የኔ ስድስት ወር ነው።»

«አንተ ግትር፣ እኔ ያኔ ወጣት ነበርኩ። ሩጫው አይታወቀኝም ነበር። ያንተ ስድስት ወር ይበልጣል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ጨርሰሃል። ከእንግዲህ ዕዳ የለብህም።»

«እሺ» አልኳት።