ቀይ ላይ የቆመች ቀስት

ቢሊሴ መገርሳ ከተራው የተባረረችው በ1998 ክረምት፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በአሥራ አንድ ሹፌር ፊት ነው። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል በር ላይ የሚሰለፉትን ላዳ ታክሲዎች የሚያስተዳድሩት ሽማግሌው ጋሽ ተወልደ ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የዚች ልጅ መኪና ሞተሯ ተቃጥሏል! ሦስት ተሳፋሪ መንገድ ላይ አራግፋለች። ከነገ ጀምሮ ተራ አትይዝም!» አሉ።

ማራገፉስ እውነት ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ የሙቀት ጌጁ ቀስት አንዳንዴ ሳይታሰብ ተነሥታ ቀይ ላይ ትወጣለች። ቢሊሴም ደንግጣ፣ ገና እዚያው ቅርብ ያለው ባምቢስ ሳትደርስ ተሳፋሪዋን ይቅርታ ጠይቃ ታወርዳለች። መካኒኩ ሸምሰዲን ቀስቷን አንዴ አየና ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት፣ «በቃ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው ሄዷል፤ ሞተሩ ይውረድ» ብሎ ፈረደ። ሞተሯ የወረደ ላዳ ምን እንደምትሆን ሰፈሩ ያውቃል። ጋራዥ ጥግ ጎማዋ ተንፍሶ የድመት ማደሪያ ሆና ትቀራለች። ቢሊሴ ደግሞ ከአባቷ የወረሰችው ይህችን መኪናና ይህን ተራ ብቻ ነው። ሌላ እንጀራ የላትም።

ማክሰኞ ጠዋት መጣች። አትምጪ የተባለችው ሴት በዚያ ዝናብ መጥታ ሦስተኛ ሆና ተሰለፈች። ጋሽ ተወልደ ጃንጥላቸውን ይዘው ቀረቧት።

«አንቺ፣ ትናንት የተነገረሽ አልገባሽም?»

«ገብቶኛል ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አልሄድም። አባቴ እዚህ ሃያ ዓመት ቆሟል። የሚያስወጣኝ ሰው ካለ ከነመኪናዬ ተሸክሞ ያውጣኝ።»

«ተዉዋት» አሉ ሽማግሌው ለሌሎቹ። «መኪናዋ ራሷ ታስወጣታለች።»

በዚያ ተራ ሞተር አይነሣም። ቤንዚን ለመቆጠብ ሲባል፣ የፊተኛው በሄደ ቁጥር የኋለኞቹ ወርደው ተጋግዘው መኪናዎቹን በእጅ ይገፋሉ። ያን ዕለት የቢሊሴን የሚገፋ ጠፋ። በየቀኑ ቁርስ አብሯት የሚበላው ሚልዮን እንኳ ስልኩን ሲነካካ ቆየ። አንድ እጇን መሪው ላይ አድርጋ፣ በትከሻዋ በሩን ተደግፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ብቻዋን ገፋቻት።

በስብሳ ገባች። መስታወቱ አላሳይ ሲላት ዝናብ መጥረጊያውን ለማሠራት ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩን ግን አላስነሣችም። ቀስቷ ተስፈንጥራ ቀይ ላይ ቆመች።

ሞተሩ ከጠፋ ሦስት ሰዓት አልፎታል። ቢሊሴ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተችና ራዲያተሩን በመዳፏ ነካችው። በረዶ ነው። ያን ጊዜ ደሟ ፈላ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀስቷን ፈርታ ሰው ስታወርድ፣ ውሃው በእርግጥ ፈልቶ እንደሆነ አንድም ቀን አላየችም ነበር። የራሷ ሞኝነት አናደዳት። የሸምሰዲን ግን ባሰባት።

«ሸምሰዲን! ና እስቲ!»

መካኒኩ ከማዶ መጣ። ወሬ ነውና ሹፌሮቹም ከበቧት።

«እጅህን እዚህ አድርግ። ይሞቃል?»

«አይሞቅም።»

«ቀስቷስ?»

በመስኮት አየ። «ቀይ ላይ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቢሊሴ ሞተሩ ላይ ከተሰካችው ሙቀት ለኪ ቡልቦ ወደ ጌጁ የሚሄደውን ሽቦ ነቀለች። ሽቦው ሲነቀል ቀስቷ መውደቅ ነበረባት፤ አልወደቀችም። ስለዚህ ቡልቦዋ ጥፋት የለባትም ማለት ነው። ሽቦውን በጣቷ እየዳሰሰች ተከተለችው፤ ባትሪው ሥር ስትደርስ ቆመች። ባትሪውን የሚይዘው ብረት ሽቦውን ተጭኖት፣ ላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ከቦዲው ጋር ይነካካል፤ በነካ ቁጥር ቀስቷን ቀይ ላይ የሚያወጣት ይኸው ነው። ያንን ባትሪ በሰኔ የገጠመው ሸምሰዲን ራሱ ነው።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አለችው። «አንተ በብሎን የጨፈለቅከው ሽቦ እዚህ ተቀምጦ የኔን ሞተር ልታወርድ?»

«ማለቴ... ምልክቱ የቴስታታ ይመስል ነበር እኮ።»

ቢሊሴ ሽቦውን ከብረቱ ሥር አላቃ በናስትሮ ጠቀለለችና መልሳ ሰካችው። ቀስቷ ወርዳ ተኛች።

ጋሽ ተወልደ አልቸኮሉም። «አሁንስ ቀስቷ እንደማትዋሽ በምን ይታወቃል?»

«ደህና ጠየቁ» አለችና ሞተሩን አስነሣች። ተራ ላይ! ሹፌሮቹ አጉረመረሙ። እሷ ግን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቤንዚኗን አነደደችው። ቀስቷ ቀስ እያለች ወጥታ መሐል ላይ ቆመች፤ ራዲያተሩ በወጉ ሞቀ፤ የፈላ ውሃ የለም፣ የወጣ ጭስ የለም። ዝናቡ ሲበረታ ሹፌሮቹ ወደየመኪናቸው ገቡ። ጋሽ ተወልደ አጎንብሰው ሁሉንም አዩና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «ይሁን፣ ተራሽን ያዢ» አሏት።

በዚህ መሐል ከፊቷ የነበረችው መኪና ሄዳ ነበር። ከሆቴሉ ሻንጣ የያዘ እንግዳ ወጣ። ቢሊሴ ሞተሩን አጥፍታ ቁልፉን ነቀለች።

«ምን ሆነሻል? ጫኚ እንጂ!» አሉ ጋሽ ተወልደ።

«ትናንት ሲያባርሩኝ በጆሮዬ አላንሾካሾኩም ጋሼ።»

«ኧረ በናትሽ አታካብጂ!» አለ ሚልዮን ከኋላ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። ዘወር ብላም አላየችው። እንግዳው ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጋሽ ተወልደ በዚያ ተራ ይቅርታ ሲሉ የሰማ ሰው የለም። ቢሊሴ ግን ፍንክች አላለችም።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የቢሊሴ መኪና ደህና ናት! ትናንት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!»

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች ቢሊሴ።

ጋሽ ተወልደ ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ጃንጥላቸውን አስተካክለው በሰልፉ ጎን ወደ ኋላ ወረዱ። በእያንዳንዱ መኪና መስኮት ላይ እየቆሙ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ፣ ለአንድ ለአንዱ ነገሩ።