ናፍጣ ይሻላል

ሥራ አስኪያጁ አዲስ የጭነት ማንሻ ፎርክሊፍት ሊገዛ ነው። በባትሪ ይሁን በናፍጣ ብሎ ሹፌሩን የጠየቀው መጋዘኑ ውስጥ፣ ቦሎቄ ለቃሚዎቹ በተቀመጡበት ነበር። የሹፌሩ ሚስት አንዷ ለቃሚ ናት፤ እጇን ሳታቆም ጆሮዋን ሰጠች። አቧራ እንዳይገባ በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው። አሮጌው ፎርክሊፍት ከረጢት ባነሣ ቁጥር ጭሱ ጣሪያ ነክቶ እነሱ ላይ ይወርዳል። ሌሊቱን ሙሉ ስትስል አጠገቧ የሚተኛው ባሏ ነው፤ ዛሬ ይናገርልኛል ብላ ጠበቀች።

"ናፍጣ ይሻላል፣ አለቃ" አለ ሹፌሩ። "መብራት ሲጠፋ ባትሪውን በምን ልሞላው ነው? ናፍጣው ቢበላሽ እኔው ፈትቼ እገጥመዋለሁ።"

ሚስቱ ሰፌዱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"የኔንስ ሳንባ? እሱንም ፈትተህ ትገጥመዋለህ?"

"ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ፊት!"

"ቤት ስናገርማ ግድግዳው ብቻ ነው የሚሰማኝ።"

"ጉንፋን ነው፣ ይለቃታል" አለ ባሏ ወደ አለቃው ዞሮ።

ናፍጣው ታዘዘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስቱ ራቱን አቅርባለት ፊቷን አዙራ ትተኛለች።

ማሽኑ ሳይመጣ ግን አንድ ገዢ ቦሎቄው ጭስ ጭስ ይሸታል ብሎ ጭነቱን መለሰ። አለቃው እፍኝ ዘግኖ አሸተተ፤ ፊቱ ጠቆረ። ወዲያው ትእዛዙን ሰርዞ በባትሪ የሚሠራው እንዲመጣ አደረገ። ሹፌሩም "ልክ ነው፣ አለቃ፣ ለእህሉ የሚሻለው እሱ ነው" አለ። መብራት ይጠፋል የሚለው ነገር ትዝም አላለው።

ከዚያ የምሥራች እንደያዘ ሰው ፈገግ እያለ ወደ ሚስቱ መጣ።

"ይኸው፣ ያልሽው ሆነ። ደስ አይልሽም?"

"እኔ ያልኩት?" ብድግ አለች። "ስንት ዓመት ስስል ማንም ዘወር ብሎ አላየኝም። ቦሎቄው አንድ ቀን ቢሸት አገር ተተራመሰ! አንተም ለኔ የዘጋኸውን አፍ ለእህል ከፈትከው።"

"ዋናው መምጣቱ አይደል እንዴ?"

"ተይ ልጄ፣ ጭሱ ቀረልን እኮ" አሉ አጠገቧ ያሉት አሮጊት ለቃሚ ቀሚሷን እየጎተቱ።

"እንኳን ቀረልዎ፣ እማማ። እኔን ያቃጠለኝ ጭሱ ብቻ አይደለም።"

"ሹፌር! ከረጢቶቹ ይነሡ እንጂ!" ሲል አለቃው ተጣራ። ባሏ አንዴ አያት፤ ሄዶ አሮጌውን ሞተር አስነሣ። ለቃሚዎቹ ሻርፓቸውን አፍንጫቸው ላይ ሳቡ። እሷ ሰፌዷን ለአሮጊቷ አቀብላ ወደ በሩ ሄደች።

"የት ነው? የሥራ ሰዓት እኮ ነው!" ጮኸ አለቃው።

"ለባሌ ይንገሩት" አለች ሳትዞር። "እርስዎን ይሰማል።"