የአስካለ ግራ ዓይን

ኅሊና ሰፊ ጎተራ፣ ትዝታም ስስታም ዘበኛው ነው፤ አንባቢ ሆይ፣ ጎተራው ያየነውን ሁሉ ያከማቻል፣ ዘበኛው ግን በወደደው በር ብቻ ከፍቶ ያሳየናል፤ ስለዚህም የሚወደውን ሰው ሙሉ ገጽ አውቃለሁ ብሎ የሚምል ሁሉ፣ ከመማሉ አስቀድሞ በየትኛው ጎኑ ተቀምጦ እንደ ነበር ቢጠየቅ መልካም ነው።

ሠዓሊ አምኃ በጣና ዳርቻ፣ መስኮቷ ወደ ውኃው በምትመለከት ቤት፣ የሰውን መልክ በቅባት ቀለም እየሣለ የሚኖር፣ እጁ ርቱዕ፣ ጠባዩ ጭምት የሆነ ሰው ነበር፤ የማለዳው ጉም ከቀለም ማቅጠኛው ተርፔንታይን ሽታ ጋር ተዋሕዶ ክፍሉን ሲሞላው፣ እርሱ በንቃትና በሰመመን መካከል ሆኖ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ቀናትን በትዕግሥት ይጠብቅ ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ ተመኝቶ ከሁሉ በኋላ ሊሥላት የደፈረው እናቱን አስካለን ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላው የሞተችበትን እናቱን፣ ዘወትር በቀኟ ተቀምጦ ያያት እንደ ነበረው፣ በመስኮቱ አጠገብ ጥጥ ስትፈትል በጎኗ ሣላት፤ ብርሃኑ ጉንጯን ዳሰሰው፣ ክሩም ከጣቷ እስከ እንዝርቱ የሚንቀጠቀጥ መሰለ። ደስ አለው፤ ሠዓሊ ሲደሰት ደግሞ እንባው ቅርብ ነውና አለቀሰ።

አባቱ መሪጌታ ኅሩይ፣ ዕድሜያቸውን የአብያተ ክርስቲያናትን ግድግዳ በቅዱሳን ሥዕል ሲያስጌጡ የኖሩ፣ ሰማንያን የተሻገሩ አረጋዊ፣ ሥዕሉን ሊባርኩ መጥተው ከደጃፉ ደርቀው ቆሙ። በእርሳቸው ሥርዐት ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳና የአጋንንት ወገን ነው፤ ይህንንም ለአምኃ ፊደል ሳይቆጥር አስተምረውት ነበር።

«ልጄ፣ እናትህ ምን ብትበድልህ ከይሁዳ ጋራ አስቀመጥሃት?»

«አባቴ፣ እንዳየኋት ነው የሣልኋት።»

«እንግዲያው ሁለተኛው ዓይኗ እስኪገለጥ ድረስ ደጅህን አልረግጥም» ብለው፣ ሳይባርኩ ተመለሱ። አምኃ እናቱን አጥቶ ያደገው በእኒህ ሰው ጉያ ነበርና፣ ያ ቃል ቤቱን ባዶ አደረገበት።

ገጿን ፍቆ ፊት ለፊት ሊያዞራት ተነሣ። ነገር ግን የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ የስንቱን ባዕድ ዓይን በብሩሹ ያበራ ሰው የእናቱን ግራ ዓይን አጣው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሣለ፣ ፋቀ። በሕልሙም ትመጣለች፤ «እማዬ፣ ዞር በይ» ይላታል፤ እርሷ ፈገግ ብላ ወደ ሐይቁ ትመለከታለች። በመጨረሻ ወደ አባቱ ሄዶ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«የግራ ዓይኗን አላውቀውም፤ እርስዎ ይንገሩኝ» አለ።



«አታውቀውም፤ እንዳታየው ብላ ነው በቀኟ የምታስቀምጥህ» አሉ መሪጌታ። «አንተ ሳትወለድ፣ ግድግዳው ለንግሥ እንዲደርስልኝ ኖራ ታቦካልኝ ነበር። ደከመኝ፣ እንረፍ አለችኝ፤ እኔ አጣደፍኋት። ኖራው ተፈናጥሮ ዓይኗ ገባ፤ በዚያው ጠፋ። አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም። እሷን በሁለት ዓይን ሣላት፤ ከአጠገቧ እኔን በአንድ ዓይን ሣለኝ። የሚገባኝ እርሱ ነው።»

ሥዕሉ ሲያልቅ አምኃ አባቱን ጠራ። አስካለ ዞራ ነበር፤ ቀኝ ዓይኗ የበራ፣ ግራው ነጭ የለበሰ፣ ሁለቱም ግን የተገለጡ። ሽማግሌው በደጃፉ ቆመው፣ የገዛ ፍርዳቸውን ለማየት ፈርተው አንገታቸውን እንደ ደፉ ቆዩ፤ ቀና ሲሉ ከሚስታቸው አጠገብ የገዛ ሁለት ዓይናቸው ተመለከታቸው።

«ተሳሳትህ ልጄ፤ እንዲህ አላልሁህም» አሉ።

«እሷ እንዳየችዎት ነው የሣልሁዎት» አለ አምኃ።

መሪጌታ ጫማቸውን እንደ ቤተ መቅደስ ከደጅ አውልቀው ገቡ፤ ለበደለኛ ሁለተኛውን ዓይን የሚሥልለት የተበደለው ሰው ምሕረት ብቻ ነውና።