የሕፃናት ሚዛን ርክክብ

በሰባዎቹ መጨረሻ መንግሥት የሐኪም እጥረትን ለማጥፋት የዘየደው መላ ቀላል ነበር። ተመራቂዎች ዕጣ ያወጣሉ፤ ዕጣቸው የወደቀበት አገር ሁለት ዓመት ያገለግላሉ፤ ተተኪ ሲመጣ አስረክበው ይሄዳሉ። ለዶክተር ጉልላት አዋሽ ሰባት ኪሎ ደረሰው። ሁለቱ ዓመት አራት ሆነ። ተተኪውም እንደ ድሬዳዋ ባቡር ነበር፤ መጣ ሲሉት ይቀራል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ግን መጣ። ስሙ ዶክተር ሀብተ ሥላሴ ነው። ከባቡር የወረደው ኮቱን ለብሶ ነበር፤ ጣቢያውን ተሻግሮ ሳይጨርስ አወለቀው።

ጉልላት አቅፎ ሊስመው ምንም አልቀረው። አዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ትምህርት ቦታ ተይዞለታል፤ የሚጠብቀውም እስከ ሐምሌ ሠላሳ ብቻ ነው። ርክክቡ ካልተፈረመ ደግሞ መሸኛ ደብዳቤ የለም።

የጤና ጣቢያው ንብረት ክፍል ሠራተኛ እትዬ ስንቅነሽ መዝገቡን ዘርግታ ጠራች። አልጋ አሥራ ሁለት፣ አለ። ማዳመጫ ሁለት፣ አለ። ማይክሮስኮፕ አንድ፣ አለ፤ ማሳየቱን እንጃ። የሕፃናት ሚዛን አንድ...

«የለም» አለች።

«ትናንት ነበረ እኮ!»

«ትናንትማ ነበረ። ርክክቡ ግን ዛሬ ነው።»

«ሌላ ገዝቼ ልተካ።»

«ከስዊድን የመጣ ነው፣ ዶክተር። ስዊድን ይሄዳሉ?»

ጉልላት ተናዶ ምሳውን ሊበላ ወደ ከድሩ ሆቴል ሄደ። ከድሩ ከወሎ መጥቶ ሆቴልና ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ሚስቱን ኡሙሀኒን በፊተኛው ወሊዷ ከሞት አፋፍ የመለሳት ጉልላት ነበር። አሁን እንደገና አርግዛ ወሯ ገብቷል።

«ሚዛኑ ጠፋ ነው የምትለኝ?» አለ ከድሩ፣ ጠረጴዛውን እየወለወለ። «አላህ ነው የሚያውቀው።»

ከድሩ ለሥጋው ትኩስነት እንኳ ሦስት ጊዜ «ወላሂ» የሚል ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን አንድም ጊዜ አልማለም። ጉልላት ይህን ልብ ያለው ዘግይቶ ነው።

ሀብተ ሥላሴ ሳይረከብ ሥራውን ብቻውን መያዝ አልቻለም፤ ጉልላትም ሳያስረክብ መሄድ። ስለዚህ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት በኋላ ያክሙ ጀመር። ሰልፉ አለቀ። የሚያመው ሲጠፋ፣ ያላመመውም «እስቲ አዲሱን ልየው» እያለ ይመጣ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ውባየሁ ይህን አይቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። «በሐኪም አቅርቦት ረገድ ዕቅዱ ሁለት መቶ በመቶ ተሳክቷል» ብሎ ሪፖርት ላከ። ሪፖርቱ በስብሰባ ሲነበብ ተጨበጨበ።

ሐምሌ ሃያ አምስት ቴሌግራም ደረሰ፦ «ትርፍ ሐኪም ስላላችሁ አንዱ በአስቸኳይ ወደ አሳይታ ይዛወር።»

«ትርፉ የትኛው ነው?» አለ ሀብተ ሥላሴ።

እትዬ ስንቅነሽ መነጽሯን አደረገች። «በስሙ ንብረት ያለበት አይዛወርም። እርስዎ ደግሞ ማንኪያ እንኳን አልፈረሙም።»

ሀብተ ሥላሴ ኮቱን በክንዱ አንጠልጥሎ አሳይታ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ተሳፈረ።

በማግስቱ ጠዋት ሚዛኑ ጉልላት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ታጥቧል፣ ተወልውሏል። ሳህኑ ላይ በከድሩ ሱቅ ወረቀት የተጠቀለለ ቴምር ነበረበት።

«እትዬ ስንቅነሽ!»

«አቤት፣ ዶክተር።»

«ንብረቱ ሞልቷል።»

«ተመስገን!»

«ለማን ላስረክብ ታዲያ?»

ስንቅነሽ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ኡሙሀኒ ወገቧን ይዛ፣ በየሁለት እርምጃው እየቆመች ግቢውን ታቋርጣለች። ከድሩ ከኋላዋ ባዶ ሻንጣ ተሸክሞ ይከተላል፤ በጥድፊያ ልብሱን መክተት ረስቷል።

ለሐምሌ ሠላሳ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ጉልላት የቀን መቁጠሪያውን አየ፤ አንድ ቴምር አንስቶ ጎረሰ። ከዚያ እጁን ታጥቦ የሚዛኑን መርፌ ዜሮ ላይ አስተካከለ።