የሬዲዮው ጥያቄ

የሺወርቅ አዲስ አበባ ሳለች የፊዚክስ መምህርት ነበረች። በ1974 ዓ.ም. ናይሮቢ ገብታ ላቪንግተን በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ጀመረች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መኳንንት የሚባል የአገሯ ሰው በከፈተው ምግብ ቤት ጓሮ ባለው አዳራሽ የጥያቄና መልስ ውድድር ትመራ ነበር። ነጋዴው፣ ስደተኛው፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም በሁለት ቡድን ተከፍሎ በሳይንስና በፈጠራ ጥያቄዎች ይፎካከራል። አንዱ ሲመልስ ከመላሹ ይልቅ የምትደሰተው እሷ ነበረች።

አንድ እሑድ ጓድ ፍሥሐ መጣ። በኢትዮጵያ ኤምባሲ የሚሠራ የደርግ መንግሥት ሰው ነው፤ ፓስፖርት የሚያሳድሰውም የሚያስከለክለውም እሱ ስለሆነ ስሙ ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የየሺወርቅም ፓስፖርት ለእድሳት እሱ ጋ ነበር። ውድድሩ ሳይጀመር ጥያቄዎቹን ልይ ብሎ ተቀበላትና አንዷ ላይ ቆመ።

«ይቺ የሬዲዮዋ ትስተካከል። መልሱ ማርኮኒ ሳይሆን ፖፖቭ ነው። የሶቪየት ሰው።»

«ፖፖቭ ሲሞት ሶቪየት የሚባል አገር ገና አልነበረም» አለችው። «ደግሞ የጠየቅሁት ለሽቦ አልባ ቴሌግራፍ መጀመሪያ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ማን ነው ብዬ ነው። እሱ ማርኮኒ ነው።»

ፍሥሐ ወረቀቱን መለሰላት። «ጓዲት የሺወርቅ፣ ፓስፖርትሽ እኛ ጋ መሆኑን አትርሺ» ብሎ የፊት ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

መኳንንት ከወጥ ቤቱ በር ሆኖ ሰምቶ ኖሯል። እጇን ይዞ ገለል አደረጋት። «እባክሽ እቴ፣ ዝለያት። አንድ ጥያቄ ቢጎድል ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ዛሬ ማርኮኒን ብዘል የሚመጣው እሑድ ማንን ልዝለል ነው?»

ይህን ትበል እንጂ የሚጠብቃትን ታውቅ ነበር። ፓስፖርት ከሌለ የሥራ ፈቃድ አይታደስም፤ ፈቃዱ ካልታደሰ ትምህርት ቤቱ አያቆያትም።

ውድድሩ ተጀመረ። መጀመሪያ ወደ ጠፈር የወጣው ሰው ማን ነው ስትል ጋጋሪን ተብሎ ተመለሰ፤ ፍሥሐ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። ቀጥላ የሬዲዮውን ጥያቄ አነበበች። ኢምባካሲ የአውሮፕላን ጭነት መጋዘን ውስጥ የምትሠራው ጌጤ ብድግ አለች።

«ማርኮኒ!»

«ልክ ነሽ።»

ፍሥሐ ተነሣ። «ስህተት ነው! ፖፖቭ ነው! ይታረም!»

ሰው ሁሉ ወደ የሺወርቅ ዞረ።

«ጋጋሪን ሲሆን ጋጋሪን ብያለሁ፤ እርስዎም አጨብጭበዋል» አለች የሺወርቅ። «አሁን ደግሞ መልሱ ማርኮኒ ነው። ለሬዲዮ ብዙ ሰዎች ደክመዋል፣ ፖፖቭም አንዱ ነው፤ ድርሻውን አልነፍገውም። የሌላውን ድርሻ ግን አልሰጠውም፤ ማንም ቢያዘኝ።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ፍሥሐ ወደ ጌጤ ዞረ። «አንቺ፣ መልስሽን ቀይሪ።»

ጌጤ ዙሪያዋን አየች። «ሀፓና!» አለች በስዋሂሊ፤ ከዚያ ባማርኛ ደገመችው፦ «አልቀይርም። ነጥቤን ነው የምፈልገው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። ፍሥሐ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ጉዳያቸው በእሱ እጅ የሆነ ሰዎችም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉት፤ ማንም አልፈረደባቸውም። የሺወርቅ ውሃ ተጎነጨችና የሚቀጥለውን ጥያቄ አነበበች።

ፓስፖርቱ አልተመለሰም። የሥራ ፈቃዷ ሲያበቃ ትምህርት ቤቱን ለቀቀችና ስደተኛ ሆና ተመዘገበች። መኳንንትም «ልጆች አሉኝ፣ ምግብ ቤቱን ያዘጉብኛል» ብሎ ዓይኗን ሳያይ ሌላ ቦታ እንድትፈልግ ለመናት። አልተቀየመችውም። የጌጤ ቤተ ክርስቲያን አንድ ክፍል ሰጣት፤ በሥራ ቀን የስደተኛ ልጆችን ፊዚክስ ታስተምርበታለች፣ እሑድ ውድድሩን ትመራበታለች። ደመወዙ ከበፊቱ በጣም ያንሳል፤ ከላቪንግተንም ወጥታ ከጌጤ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ መኖር ጀመረች።

አንድ ቀን ጌጤ «ያኔ ብተወው ኖሮ አትይም?» ስትል ጠየቀቻት።

«ፓስፖርቱ ያንገበግበኛል» አለች የሺወርቅ። «አዲስ አበባ ያለችውን እናቴን ማየት እፈልጋለሁ። ግን ነገም መጥቶ ቀይሪ ቢለኝ አልቀይርም።»

ይህን ብላ ለሰኞ ትምህርት የሚሆን ባትሪና አምፖል ልትገዛ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ገበያ ሄደች።