ቀድሞ መንቃት ክልክል ነው

ናሙናዎቹ በሙሉ አለፉ። ማያ ገጹ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ለበሰ። ከጀርባዋ የቆሙት ፕሮግራም ጻፊዎች አጨበጨቡ፤ አለቃው «ዛሬስ ወንፊቷም ተሸነፈች!» ብሎ ሳቀ። ወንፊት የሚሏት ፈታኟን ነው፤ በእሷ እጅ ሳይነፋ ያለፈ ነገር የለምና። እሷ ግን አልሳቀችም። ወንበሩ እሾህ የበቀለበት ይመስል ቁጭ ብድግ ትል ጀመር።

መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ቆሞ መድኃኒት በጠብታ ለሚሰጥ ማሽን የሚሆን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚሠሩበትን ዋናውን ሶፍትዌር። ሲስተሙ ስታንዳርዱን ማሟላቱ የሚታወቀው በናሙና ፕሮግራሞች ነው። አንዱ ናሙና ፋይል ክፈትልኝ ይላል፣ ሌላው ድምፅ አጫውትልኝ ይላል፤ የሲስተሙ መልስ ከስታንዳርዱ ጋር ይመሳከራል። ፈታኟን ሲያንገበግባት የከረመው አንቀላፊው ናሙና ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፦ «ይህን ያህል ጊዜ አስተኛኝ፣ ከዚያ ቀስቅሰኝ።» ስታንዳርዱ ጥቂት መዘግየትን ይታገሳል። ቀድሞ መቀስቀስ ግን ክልክል ነው፤ ቀድሞ የነቃ ፕሮግራም ጠብታውንም ቀድሞ ይለቃል።

እስከ ትናንት ድረስ ቀድሞ እየነቃ ሲወድቅ ነበር። ዛሬ ምንም እንከን አልወጣለትም።

«ምን ተለወጠ?» አለች።

«አስተካከልነዋ» አለ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ፣ ቀና ሳይል። የሲስተሙን ሰዓት ኮድ የሚጽፈው እሱ ነው። ሲዋሽ ቀና እንደማይል ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቃለች።

ሌሎቹ ተበተኑ። እሷ የአንቀላፊውን ቅጂ አወጣች። ውስጡን አንዲት ፊደል ሳትነካ ስሙን ብቻ ለወጠችና አሮጠችው። ቀይ። አጭር እንቅልፍ ሰጠችው፤ ቀይ። ረጅም ሰጠችው፤ አሁንም ቀይ። በዋናው ስሙ መለሰችው፤ አረንጓዴ።

«ጩጬ፣ ና እስቲ ውጭ።»

«እዚህ ጩጬ አትበይኝ አላልኩሽም?» አላት ኮሪደሩ ላይ።

«ናሙናውን ስም ቀይሬ አሮጥኩት። ወደቀ።»

«ምን ብለሽ ሰየምሽው?»

«ጩጬ።»

«በኔ ስም ነው የወደቀው? ጉድ ነው!» ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«ሲስተሙ የናሙናውን ስም ሲያይ በሌላ በር ያስገባዋል፤ እሱን ብቻ ለይቶ በልኩ ይቀሰቅሰዋል፣ አይደል? ማነው እንዲህ ያደረገው? አንተ ነህ?»

ግድግዳውን ተደገፈ። «እንቅልፉን ሳስተካክል ድምፅ ማጫወቻው ይንተባተባል። እሱን ሳስተካክል እንቅልፉ ይበላሻል። ላብድ ነበር። የስታንዳርዱ መርማሪ ከሰዓት ይመጣሉ፤ ይለፍና ረጋ ብዬ እጠግነዋለሁ። በእማ ሞት!»

«እማን እዚህ አታምጣት። አሁኑኑ አውጣው።»

ራሷ ልታወጣው አትችልም። በመሥሪያ ቤቱ ሕግ ፈታኝ የሲስተሙን ኮድ አይነካም፣ ኮድ ጻፊም ናሙና አይነካም።

«ካወጣሁት እንወድቃለን። ከወደቅን ደግሞ እኔ እባረራለሁ።»

«መርማሪው መጨረሻ ላይ ምን እንደሚጠይቁኝ ታውቃለህ። ናሙናዎቹ ያላሳዩት፣ አንቺ ግን የምታውቂው ነገር አለ ወይ ይሉኛል።»

«የለም በያ! አንድ ቃል ናት።»

«አለ እላለሁ።»

«እህቴ አይደለሽም እንዴ?»

ምሳ ሰዓት ላይ ሕንጻውን ደጋግማ ዞረችው፤ የያዘችው ዳቦ ሳይገመጥ እጇ ላይ ደረቀ።

መርማሪው ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። እያንዳንዱን ናሙና ለብቻው እያስሮጡ አዩ። ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠው ወንድሟ ነበር። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። አለቃው ከወዲሁ እጁን ለመጨበጥ ዘረጋ። ሽማግሌው ግን ወደ ፈታኟ ዞሩ።

«ናሙናዎቹ ያላሳዩን፣ አንቺ የምታውቂው ነገር ይኖራል፣ ልጄ?»

ወንድሟ ጀርባውን እንደሰጣት ነው፤ ማጅራቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«አለ» አለች። «አንቀላፊውን ስሙን ይቀይሩና ያሩጡት።»

«ምን እንበለው?»

«ደስ ያለዎትን።»

«እንግዲያው አያት በለው» አሉት ወንድሟን። ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ተንጠለጠሉ። ከዚያ ጻፈ። አያት ቀድሞ ነቃ። ቀይ።

«ማነው ይሄን ያደረገው?» አለ አለቃው፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

እሷ ሲስተሙ ያደረገውን ተናግራለች፤ ሰው ለመጠቆም ግን አልሆነላትም። ወንድሟ ተነሳ። «እኔ ነኝ።»

መርማሪው ቦርሳቸውን ዘጉ፤ ሲጠገን ጥሩኝ ብለው ወጡ። አለቃው የወንድሟን የመግቢያ ካርድ እዚያው ተቀበለውና በሩን አሳየው።

ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ልታጽናኚኝ ከሆነ ተመለሺ።»

«ማን ያጽናናሃል? ደሜን አፍልተኸዋል።» ከእሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«አንቀላፊው በምን ያህል ነው የሚቀድመው?» አለ።

«አንዴ በትንሽ፣ አንዴ በብዙ። ግን አጭርም ይተኛ ረጅም፣ የሚቀድመው ከሲስተሙ ሰዓት አንድ ምት፣ ከአንድ ቆጠራው፣ በልጦ አያውቅም።»

«በልጦ አያውቅም?» ብድግ አለ። «በይ እንዲህ ከሆነ... ሲተኛ አጋማሽ ላይ የደረሰውን ምት ሙሉ አድርጎ እየቆጠረው ነው! ስህተቱ አጀማመሩ ላይ ነው። እኔ ደደብ ሁሌ አነቃቁን ስነካካ ከረምኩ። ድምፁን ያንተባተብኩትም ለዚህ ነው። ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝና! አረንጓዴ ቀለም ስትቀባ ከረምክ እንጂ።»

ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደና ካርድ እንደሌለው ትዝ አለው። እጁ ባዶ ኪሱ ላይ ቀረ።

«አንቺ ንገሪያቸው» አለና ቁልቁል ወረደ፣ ዞር ብሎ ሳያያት።

ተመልሳ ገባች። አለቃው ከሌሎቹ ጋር ኮዱ ላይ አቀርቅሯል። የምቱን ነገር ነገረቻቸው። አለቃው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ስሜት ይሰጣል። በርቺ፣ ወንፊት!»

«እኔ አይደለሁም። ወንድሜ ነው ያገኘው።»

«እሱ ተባሯል።»

«ተባሯል። ያገኘው ግን እሱ ነው» አለች፤ ከመካከላቸው አንዱ ኪቦርዱን ስቦ መጻፍ እስኪጀምርም አልተቀመጠችም።