ደጊቱ ያሰረችው ታንኳ

«ሙሽራዋ ውኃ ውስጥ ስትገባ ትንፍሽ አላለችም!» አሉ አቶ ውዱ፤ የለቅሶው ዳስ በሳቅ ተናወጠ።

«ውሸታም! እንደ ፍየል ነው የጮህኩት» አሉ ከሴቶቹ መካከል ወይዘሮ እህተማርያም፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። ሙሽራዋ እሳቸው ነበሩ።

ደጊቱ ሳታስበው አብራ ሳቀች፤ ወዲያው ደነገጠች። አባቷ ቢሻው ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው።

አያቷ አድማሴ ድሮ ከጣና ዳር የታንኳ ሙያውን ይዞ መጥቶ፣ ከዳንግላ ወረድ ብሎ ግልገል አባይ ዳር ጎጆ ቀለሰ። ደንገል አስሮ ታንኳ ሲሠራ ያገሩ ሰው «በሣር ወንዝ ሊሻገር!» ብሎ ሳቀበት። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ግን ገበያተኛው ሁሉ ደጁ ተሰለፈ። ልጁ ቢሻው በተራው ያሰራት የመጀመሪያዋ ታንኳ እህተማርያምን ከነሚዜዎቿ እንደጫነች መሃል ወንዝ ላይ ተፈታች። ቢሻው ሙሽራዋን አዝሎ ወጣ። አድማሴ አልተቆጣም።

«ደንገል አይሰምጥም፤ የሰመጠው ያሰረው እጅ ነው» ብሎ ማሰሪያውን ልጥ አቀበለው።

ከዚያ ወዲህ ከቢሻው እጅ የወጣች ታንኳ አንዲትም አልተፈታች። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙያውን ለደጊቱ አስተማራት። «ሴት ታንኳ ታስራለች እንዴ?» ሲሉት፣ «ወንዙን ጠይቁት» ይል ነበር።

የዳሱ ሳቅ በረድ ሲል ከወንዙ ማዶ ድምፅ ተሰማ። «ወንድሜ! ቢሻው፣ ወንድሜ!» የቢሻው እህት ያለምወርቅ ነበረች። በቀብሩ ዕለት የመጣው ሙላት የቤቱን ሁለት ታንኳዎች ወስዷቸዋል፤ መሻገሪያ የለም።

ደጊቱ ተነሥታ ከጎጆው ጀርባ ወደተከመረው ደረቅ ደንገል ሄደች።

«አንቺ ልጅ፣ የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ?» አሉ አቶ ውዱ። «ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም።»

«ታዲያ አክስቴ ብቻዋን ታልቅስ?»

እህተማርያም ብድግ አሉ። «ይህ ቤት እኔን አስጥሞኛል፤ ዛሬ ደግሞ ያሻግራል! በሉ ተሸከሙ!»

ወንዶቹ እየሳቁ ደንገሉን አወረዱ፤ ሴቶቹ ልጡን በውኃ አራሱ። ደጊቱ እስሩን በእግሯ ረግጣ እየሳበች ቋጠረች። አቶ ውዱ ጫፉን ይዘው፣ «አጥብቂ እንጂ! ሰው ይሳቅብን?» ይሏታል።

ከሰዓት በኋላ ሙላቱ ረገብ አለ። ደጊቱ ረጅም አጣና ይዛ ብቻዋን ገባች። መሃል ላይ ወንዙ ታንኳዋን ጎተታት፤ እስሩ ሲጢጥ አለ። ደጊቱ አጣናውን ወደ ታች ተክላ ገፋች። ታንኳዋ አልተፈታችም። ከኋላዋ፣ ከወንዙ ዳር፣ አንዲት ሴት እልል አለችና ለቅሶው ትዝ ብሏት አፏን ያዘች።

ያለምወርቅ ጭቃው ውስጥ ቆማ ትጠብቃለች። ታንኳዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየቻት።

«ማን አሰራት?»

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ።»

ያለምወርቅ ሙሾዋን ተወች። ልጡ የላጣቸውን የደጊቱን መዳፎች ያዘች፤ አንዱን ሳመች፤ ከዚያም ሌላውን።